የመንገደኛ ጓዝ

ሰው ወደ ሩቅ አገር ሊሄድ ባሰበ ጊዜ ሁለት ነገር ይመርጣል። አንደኛው የሚይዘው ነው፤ ሁለተኛው የሚተወው ነው። ሁሉን ልያዝ የሚል መንገደኛ ከሸክሙ በታች ይወድቃል። ሁሉን ልተው የሚል መንገደኛ ደግሞ በደረሰበት ቤት የሌላውን ሰው እራት ይበላል። ስለዚህ ጓዝ ማሰር ትንሽ ሥራ ቢመስልም ማስተዋል የሚፈልግ ሥራ ነው።

በዋግ አገር ጓዝ ከጥንት ጀምሮ በበቅሎና በአህያ ጀርባ ይጫን ነበረ። ዛሬ ግን መኪና አለ፤ በብስክሌት አገር ለአገር የሚሄድ ሰውም አለ። ብስክሌት ገብስ አይበላም፤ አይራገጥም፤ ሌሊትም ከጅብ አይጠብቁትም። ነገር ግን እንደ በቅሎ ጭነት ይሸከማል። ጭነቱም በሚገባ ካልታሰረ እንደ በቅሎ ጌታውን ይጥላል። እንግዲህ ከሰቆጣ ተነሥቶ ሦስት ወይም አራት ቀን በብስክሌት ሊሄድ የሚወድ ሰው ምን ሊይዝ ይገባዋል? ምንስ ሊተው ይገባዋል? ይህን ነገር በዝርዝር መመርመር መልካም ነው።

፩። አገሩን ስለ ማወቅ

ከሁሉ አስቀድሞ መንገደኛ የሚሄድበትን አገር ሊያውቅ ይገባዋል። ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አላት። የአገሩ ሕዝብ ኽምራ የሚባል የአገው ወገን ነው፤ ቋንቋውም ኽምጣና ይባላል። በከተማይቱ ዙሪያ ተራራና ገደል፥ ሸለቆና በበጋ የሚደርቅ ወንዝ ሞልቷል። ምድሩም ወደ ተከዜ ሸለቆ እየወረደ ይሄዳል። የተከዜ ወንዝ ከላስታ ተራሮች ይመነጫል፤ ብዙ አገርም ዞሮ ወደ ሱዳን ይሻገራል።

ከሰቆጣ ወደ ደቡብ የላሊበላ ከተማ አለች። ወፍ በቀጥታ ብትበር ከሰቆጣ እስከ ላሊበላ 70 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሰው ግን ወፍ አይደለምና ተራራውን ይዞራል፤ ሸለቆውን ይወርዳል፤ እንደ ገናም ይወጣል። ስለዚህ የመንገዱ ርዝመት ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ካርታ ያየ ልጅ፥ «ይህስ ቅርብ ነው» ይል ይሆናል። ዳገቱን የወጣ ሰው ግን በጣት የለኩት መንገድ በእግር ሲለካ ሌላ መሆኑን ያውቃል።

ደግሞ በዚህ አገር ደጋና ቈላ ጎረቤት ናቸው። ሰው 1,000 ሜትር ወደ ላይ በወጣ ጊዜ አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በቀትር በቈላ ላብ ያጠመቀው መንገደኛ በዚያው ቀን ማታ በደጋ ብርድ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ይህን ያላወቀ ሰው በሰቆጣ ፀሐይ ሞቆት ጋቢውን ትቶ ይሄዳል፤ ሌሊቱንም በጸጸት ያነጋል።

መንገደኛ የመንገዱን ወሬም ይጠይቅ። መንገዱ ሰላም ነውን? ወንዙ ሞልቷልን? ድልድዩ አለን? ውሃ የት ይገኛል? የቀድሞ ሰው የነገረው ሁሉ ዛሬም እንዳለ ነው ብሎ አይመን። በተከዜ ላይ የተሠራው ታላቅ ግድብ በ2009 በአውሮፓ አቈጣጠር ከተፈጸመ በኋላ ቀድሞ ሸለቆ የነበረው ስፍራ ሐይቅ ሆኗል። እንዲሁም መንገድ ይለወጣል። ጠያቂ መንገደኛ አይጠፋም።

፪። የጨው ነጋዴዎች ጥበብ

ሰቆጣ የታወቀች የገበያ ከተማ ነበረች። በ19ኛው መቶ ዓመት ከአፋር የጨው ሜዳ የተቈረጠ አሞሌ በግመል፥ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣ ነበረ። ከዚያውም ብዙው ወደ ሰቆጣ ገበያ ይመጣ ነበረ። በዚያ ዘመን አሞሌ ለወጥ ብቻ የሚሆን ጨው አልነበረም፤ እንደ ገንዘብም ይገዙበት ነበረ። ነገር ግን ከወደቀ ይሰበራል፤ ዝናብ ካገኘውም ይሟሟል። የተሰበረ አሞሌም ዋጋው ይጎድላል። ስለዚህ ጭነት የማያውቅ ነጋዴ ገንዘቡን በመንገድ ላይ ያፈስሰው ነበረ ማለት ነው።

ጫኞች ከሁሉ አብልጠው የሚጠብቁት ሚዛንን ነው። በበቅሎይቱ በቀኝና በግራ ያለው ጭነት እኩል መሆን አለበት። በአንድ ወገን ከበዛ ኮርቻው ይዞራል፤ ጀርባዋም ይላጣል፤ የተላጠች በቅሎም መንገድ አትጨርስም። መጫኛው ከላላ ጭነቱ ይወርዳል፤ እጅግ ከጠበቀም እንስሳይቱን ያቈስላል።

ይህ ሕግ ለብስክሌትም ይሠራል። ጓዙ በሁለት ከረጢት ተከፍሎ ከኋለኛው መንኰራኵር በቀኝና በግራ ይንጠልጠል፤ ሁለቱም በክብደት እኩል ይሁኑ። ከባዱ ነገር ከታች፥ ቀላሉ ነገር ከላይ ይቀመጥ። ከባዱ ከላይ የሆነ እንደ ሆነ ብስክሌቱ በጠመዝማዛ መንገድ ይወላገዳል፤ በቍልቍለትም ነጂውን ይጥላል። ከዚህም በላይ የገመድ ጫፍ ወይም የነጠላ ዘርፍ ተንጠልጥሎ አይተው። በመንኰራኵሩ ሽቦዎች መካከል ከገባ መንኰራኵሩን ድንገት ያቆመዋልና ሰውየው በፊቱ ይደፋል። በጓዝ ማሰር የተቈጠበች ጥቂት ጊዜ የእጅ ወይም የጥርስ ስብራት ልታመጣ ትችላለች።

አስቀድሞ የሚፈለገው ነገር ከላይ ይሁን። የዝናብ ልብስ ከከረጢቱ ሥር የተቀመጠ እንደ ሆነ መንገደኛው እስኪያወጣው ድረስ እርሱም ጓዙም ይረጥባሉ።

፫። መንገደኛ የሚይዘው

አንደኛው ውሃ ነው። በዋግ ቈላ በበጋ ብዙ ወንዝ ይደርቃል፤ ከአንዱ ውሃ እስከ ሌላው ውሃ ሩቅ ሊሆን ይችላል። ሰው እህል ሳይበላ ቀናት ይቈያል፤ በፀሐይ እየደከመ ውሃ ያጣ ሰው ግን ፈጥኖ ይዝላል፤ ራሱም ይዞራል። ነገር ግን አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። አሥር ሊትር የያዘ አሥር ኪሎ ተሸከመ። ስለዚህ ብልህ መንገደኛ የሚቀጥለው ውሃ የት እንዳለ ጠይቆ እስከዚያ የሚበቃውን፥ ለጥንቃቄም ጥቂት ጨምሮ ይይዛል። ከኵሬም ቢቀዳ ሳያፈላ አይጠጣ።

ሁለተኛው ስንቅ ነው። አባቶችና እናቶች ለመንገድ የሚሆን ምግብ ከብዙ ዘመን በፊት አውቀዋል። በሶ ከተቈላ ገብስ የተፈጨ ዱቄት ነው፤ እሳት ሳይፈልግ በውሃ ይበጠበጣል ወይም ይታሻል። ቈሎ አይሻግትም፤ በኪስ ተይዞ በጕዞ ላይ ይበላል። ድርቆሽ የደረቀ እንጀራ ነው፤ ቀላል ነው፤ ብዙ ቀንም ይቈያል። ዳቦ ቈሎና ቋንጣም እንዲሁ ናቸው። የዋግ አገር በነጭ ማሩ የታወቀ ነውና ጥቂት ማር በጠባብ ዕቃ የያዘ መንገደኛ ዳገት ሲያደክመው ብርታት ያገኛል። እነዚህ ምግቦች ሁሉ አንድ ጠባይ አላቸው፤ ውሃቸው ወጥቷልና ክብደታቸው ትንሽ ነው፤ ኀይላቸው ግን ብዙ ነው። የመንገድ ምግብ ምስጢሩ ይህ ነው።

ሦስተኛው የብስክሌቱ መጠገኛ ነው። በቈላ መንገድ የግራር እሾህ አለ፤ ጎማ መውጋት ልማዱ ነው። ስለዚህ አንድ ትርፍ የውስጥ ጎማ፥ መለጠፊያ ከማስቲሹ ጋር፥ ጎማ መንፊያ፥ ብሎን መፍቻ፥ ጥቂት ዘይት፥ ደግሞም ሽቦና ጠንካራ ገመድ ይያዝ። መንገደኛው ዕቃውን መያዙ ብቻ አይበቃም፤ በእጁ ሊሠራበት ማወቅ አለበት። መንፊያ ይዞ ጎማ መለጠፍ የማያውቅ ሰው መጽሐፍ ይዞ ፊደል እንደማያውቅ ሰው ነው። ከመነሣቱም በፊት ፍሬኑን ይመርምር። ጭነት የያዘ ብስክሌት በቍልቍለት እንደ ናዳ ይወርዳልና በሰቆጣ ሜዳ የበቃ ፍሬን በሸለቆው አፋፍ ላይ አይበቃም።

አራተኛው ልብስ ነው። አንድ የሚለብሰው፥ አንድ የሚለውጠው፥ አንድ ለብርድ የሚሆን፥ አንድም ለዝናብ የሚሆን ይበቃዋል። የቈሸሸውን ማታ ያጥበዋል፤ የዋግ ፀሐይም በማግሥቱ ያደርቅለታል። ከፀሐይ የሚጠልል ባርኔጣም አይርሳ።

አምስተኛው ለክፉ ቀን የሚሆን ነው። ይህም የቍስል መጠቅለያ ንጹሕ ጨርቅ፥ ሳሙና፥ የእጅ መብራት፥ ቢላዋ፥ ክብሪት፥ ጥቂት ዝርዝር ገንዘብ ነው። እነዚህ ሁሉ በአንድ ትንሽ ከረጢት ይገባሉ፤ የሚፈለጉ ቀን ግን ዋጋቸው ከበቅሎ ይበልጣል።

፬። በዓለም የታወቀች አንዲት መንገደኛ

በአየርላንድ አገር በ1931 በአውሮፓ አቈጣጠር ዴርቭላ መርፊ የምትባል ሴት ተወለደች። አሥር ዓመት በሞላት ጊዜ ብስክሌትና የካርታ መጽሐፍ ተሰጣት። ከዚያም በኋላ ጥቂት ቀን ቈይታ አንድ ቀን በብስክሌት እስከ ህንድ አገር እሄዳለሁ ብላ በልቧ ቈረጠች። ነገር ግን እናቷ ታማሚ ነበረችና ብዙ ዓመት በቤት እያስታመመች ኖረች። አሳቧን አልጣለችም፤ ጊዜዋንም ጠበቀች። በ1963 በጽኑ ክረምት ተነሥታ በብስክሌት አውሮፓን አቋርጣ፥ በፋርስና በአፍጋኒስታን አልፋ ህንድ ደረሰች።

የዚህች ሴት አስተሳሰብ በጓዟ ይታያል። ከመነሣቷ በፊት የብስክሌቷን ማርሽ አስወጣች። ማርሽ ዳገት የሚያቀልል ነው፤ ነገር ግን በክፉ መንገድ ይሰበራል፤ ከተሰበረም በዚያ አገር የሚጠግነው አይገኝም ብላ አሰበች። ትርፍ ጎማዎችንም ሁሉ ተሸክማ አልሄደችም፤ በምታልፍባቸው ከተሞች እንዲቈዩላት አስቀድማ ላከቻቸው። እንግዲህ የምትተወውንና የምትይዘውን ለየች፤ የሚያስፈልጋትን ነገር ደግሞ በሚያስፈልጋት ስፍራ አዘጋጀች።

ይህች ሴት በ1966 ወደ ኢትዮጵያ መጣች። በዚህ ጊዜ በብስክሌት አልሄደችም። በተራራው አገር በዚያን ዘመን ብዙው መንገድ የእግር መንገድ ነበረና ጆክ ብላ በሰየመችው በቅሎ ላይ ጓዟን ጭና በእግሯ ሄደች። ስለዚህም ጕዞ የጻፈችው መጽሐፍ በ1968 ታተመ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ ብልህ ሰው መንገዱን በወደደው ዕቃ ልክ አይቈርጥም፤ ዕቃውን በመንገዱ ልክ ይመርጣል። ዴርቭላ መርፊ በ2022 በ90 ዓመቷ ዐረፈች።

የኢትዮጵያ ልጆችም በብስክሌት ስም አላቸው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተሰለፈች ጊዜ፥ ይኸውም በ1956 በአውሮፓ አቈጣጠር በሜልቦርን፥ ከተወዳዳሪዎቿ መካከል ብስክሌት ነጂዎች ነበሩ። በ2016ም ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ ውድድር የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ነገር ግን በዚያ ውድድር ነጂውን መኪና ይከተለዋል፤ ትርፍ መንኰራኵር፥ ውሃና ምግብ ያቀብሉታል። ከሰቆጣ የሚነሣ መንገደኛ ግን የሚከተለው መኪና የለም። መኪናውም፥ ጠጋኙም፥ ወጥ ቤቱም ራሱ ነው።

፭። ስንቁን የቀነሰ ወጣት

ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆን ታሪክ ይህ ነው።

በሰቆጣ ከተማ አንድ ወጣት ነበረ። ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ፥ በጳጕሜን፥ በብስክሌት ወደ ላሊበላ ሊሄድ አሰበ። በዋዜማውም ጓዙን በደጅ ዘረጋ። ሁለት ጫማ፥ ሦስት ሱሪ፥ አምስት ሸሚዝ፥ ትልቅ ብርድ ልብስ፥ መስታወትና ብዙ መጽሐፍ ነበረ። እናቱም በሶና ዳቦ ቈሎ በስልቻ ሞልታ ጨመረችለት። ሁሉንም በብስክሌቱ ላይ ጫነ።

አያቱ በወጣትነታቸው በቅሎ የጫኑ ሰው ነበሩ። በምርኵዛቸው ተደግፈው ጥቂት አዩና፥

«ልጄ፥ እስቲ ብስክሌትህን ከመሬት አንሣ» አሉት።

ወጣቱ ሞከረ፤ አልቻለም።

«በሁለት እጅህ ያላነሣኸውን ዳገት ላይ በምን ትገፋዋለህ? ቀንስ እንጂ» አሉት።

«እሺ አባባ፥ እቀንሳለሁ» አላቸው።

ሽማግሌው ወደ ቤት ገቡ። ወጣቱም ከጓዙ ፊት ተቀምጦ አሰበ። ሸሚዞቹ አዲስ ነበሩ፤ በላሊበላ ሊታይባቸው ወደደ። መጽሐፎቹንም ሰው እንዲያይለት ወደደ። በመጨረሻም ስልቻውን አነሣ። «በመንገዱ ሁሉ ሰው አለ፤ የዋግ ሰውም እንግዳ አይመልስም። ስንቅ ስለ ምን እሸከማለሁ?» አለና ስልቻውን በጓዳ ደብቆ ሄደ።

በመጀመሪያው ቀን ማታ ደክሞት ከአንድ ቤት ደረሰ። የቤቲቱ እመቤት ሦስት ልጆች ነበሯት። «ቤት ለእንግዳ» ብላ ተቀበለችው፤ እግሩንም አጠበችው፤ በመደብ ላይ አጐዛ አነጠፈችለት። ከዚያም እንጀራ በሽሮ ወጥ አቀረበችለት። ልጆቹን «ኑ፥ እንብላ» ባላቸው ጊዜ እናታቸውን አዩና፥ «ጠግበናል» አሉት። ወጣቱም ርቦት ነበርና ሁሉን በላ፤ አመስግኖም ተኛ።

ጎሕ ሳይቀድ ድምፅ ቀሰቀሰው። ታናሹ ልጅ፥ «እማ፥ ለእኛ ያስቀመጥሽው እንጀራ የታለ?» ይል ነበር። እናቱም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፥ «ዝም በል ልጄ፥ እንግዳው ይሰማል። ዛሬ ከጎረቤት ዱቄት እበደራለሁ» አለችው።

ጳጕሜን በዚያ አገር እንዲህ ያለ ጊዜ ነው፤ የአምናው እህል ከጎታ አልቋል፤ የዘንድሮው ገና አረንጓዴ ነው። ወጣቱ ይህን ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን ጓዙን ሲያስር አላሰበውም። በነጋም ጊዜ ገንዘብ አውጥቶ ሰጣት። እርስዋ ግን፥ «እንግዳ ዋጋ አይከፍልም፤ መንገድህን ያቅናልህ» ብላ መለሰችለት። ከረጢቱን ፈታ፤ ለልጆቹ የሚሆን ነገር ፈለገ። አምስት ሸሚዝ አገኘ፤ መስታወትም አገኘ። የሚበላ ነገር ግን አልነበረም።

በዚያ ቀን ወደ ላሊበላ አልሄደም። ብስክሌቱን መልሶ እስከ ማታ ወደ ሰቆጣ ነዳ። አያቱ በደጅ ተቀምጠው አገኙት፤ ስለ ምን እንደ ተመለሰ ግን አልጠየቁትም። እርሱ ሸሚዞቹን፥ መስታወቱንና መጽሐፎቹን አወጣ። የበሶውን ስልቻ ከጓዳ አመጣ፤ እናቱንም ሌላ ስልቻ እንድትጨምርለት ለመናት። አያቱ ተነሥተው ሁለቱን ስልቻ በእጃቸው መዘኑ፤ በቀኝና በግራም ራሳቸው አሰሩለት።

«አሁን አንሣው» አሉት። ብስክሌቱንም አነሣው።

በማግሥቱ ማታ ወደዚያች ቤት ደረሰ። ስንቁን በሌማቱ አጠገብ አስቀመጠና፥ «እናቴ፥ ዛሬ እራት ከስንቄ ነው፤ እንግዳ ብቻውን አይበላም» አላት። ሴትዮዋም ስልቻውን አየች፤ ወጣቱንም አየች፤ ከዚያም በሶውን ለማሸት ተነሣች። ልጆቹ በዚያች ማታ «ጠግበናል» አላሉም። ወጣቱም አንዱን ስልቻ በዚያ ትቶ በቀረው መንገዱን ፈጸመ።

፮። ስንቅ ስለ ማን ይያዛል?

ብዙ ሰው ስንቅን ለራሱ ሆድ ብቻ የሚይዘው ይመስለዋል። በዋግ አገር ግን ስንቅ ለአስተናጋጁም ልጆች ይያዛል። የአገሩ ሰው እንግዳን አይመልስም፤ ቢቸገርም ችግሩን አይናገርም። ስለዚህ የቤቱን ችግር ማወቅ የእንግዳው ፈንታ ነው። ባለቤቱ ሁሉን ለማቅረብ ይተጋል፤ እንግዳውም ሁሉን ላለመብላት ይትጋ። ሁለቱም እንዲህ ሲያደርጉ የእንግዳ ተቀባይነት ልማድ ጸንቶ ይኖራል። እንግዳው ፈንታውን ከረሳ ግን የባለቤቱ ደግነት ለልጆቹ ረኃብ ይሆናል።

ይህ በዋግ ቀላል ነገር አይደለም። ምድሩ ቀጥኗል፤ ዝናብም ጊዜውን ይስታል። በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ በሆነው ታላቅ ረኃብ የዋግ ሕዝብ ክፉኛ ተጎድቷል፤ ብዙ ሰውም ቤቱን ትቶ እህል ወደሚታደልበት ስፍራ በእግሩ ሄዷል። ያ ሕዝብ ስንቅ የሌለው ጕዞ ምን እንደ ሆነ አይቷል። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለውን ዐዋጅ አወጣ። አሳቡም ዕድሜአቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በምግብ ጕድለት ምክንያት ከመቀንጨር እስከ 2030 በአውሮፓ አቈጣጠር እንዲድኑ ነው። የከተማይቱ ስም ለዚህ ቃል ኪዳን መሰጠቱ በዚያ አገር የአንድ ልጅ እራት ትንሽ ነገር አለመሆኑን ያስታውሳል።

በኅብረት የሚሄዱ መንገደኞች ሸክማቸው ይቀልላቸዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። አራት ሰዎች አብረው ሲሄዱ አራት መንፊያና አራት ብሎን መፍቻ አያስፈልጋቸውም፤ አንዱ መንፊያውን፥ ሁለተኛው መፍቻውን፥ ሦስተኛው ድስቱን፥ አራተኛው መድኀኒቱን ይይዛል። ነገር ግን እያንዳንዱ ለሌሎቹ የያዘውን ነገር ከራሱ ልብስ አብልጦ ይጠብቅ። መንፊያውን የረሳ ሰው ራሱን ብቻ አላስቀረም፤ ሦስት ሰዎችንም በበረሃ አስቀረ።

፯። ከመነሣት በፊት

እንግዲህ መንገደኛ ጓዙን በመጨረሻዋ ሌሊት አይሰር። ሳምንት ሲቀረው ሁሉን በአንድ ስፍራ ይዘርጋና ስለ እያንዳንዱ ዕቃ፥ «ይህ ባይኖር ምን እሆናለሁ?» ብሎ ይጠይቅ። «እጠማለሁ፥ እራባለሁ፥ እታመማለሁ፥ ሰውን አስቸግራለሁ» የሚል መልስ ያገኘለትን ይያዝ። «ሰው አያደንቀኝም» የሚል መልስ ያገኘለትን ይተው።

ከዚያም ጭኖ ይሞክረው። ከሰቆጣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ከአለት የተፈለፈለው የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጓዙን ሁሉ እንደ ጫነ እስከዚያ ሄዶ ይመለስ። የሚላላ ገመድ ቢኖር በዚያች አጭር መንገድ ይላላል፤ የሚንኳኳ ብሎንም በዚያ ይሰማል። በቤት አጠገብ የታየ ጕድለት ይጠገናል፤ በሸለቆ ውስጥ የታየ ጕድለት ግን ሊያሳድር ይችላል።

ልጆች ሆይ፥ እናንተ ነገ ወደ ላሊበላ አትሄዱም፤ ወደ ትምህርት ቤት ግን ትሄዳላችሁ። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ከረጢታችሁን ክፈቱ። ደብተር አለን? እርሳስ አለን? እርሳሱስ ተቀርጿልን? እርሳስ ሳይይዝ የሚመጣ ልጅ ከጎረቤቱ ይለምናል፤ ጎረቤቱም ደግ ከሆነ አይከለክለውም። ነገር ግን ያ ጎረቤት ምናልባት ያለችው አንዲት እርሳስ ብቻ ትሆናለች፤ ሰጥቶም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ስለዚህ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ብትችሉም አንዲት ጨምሩ።